«ክርስትና ስምህ ማን ነው?»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ምስክርነት መናገር የነበረብኝ ከዓመታት በፊት ነው። ስለቴን፣ ጃንጥላውን፣ አስገብቻለሁ። ምስክርነቱን ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ቆየሁ፤ እነሆ አብሮኝ የጸለየው ሰው አረፈ። አርባው ከወጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው።

ጋሼ ነበር የምንለው። አንቱ ስንለው ይቆጣል። ሀዋሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፣ እሱ ንብረት ክፍል፣ እኔ ገንዘብ ያዥ። ጠዋት በብስክሌት ነው የሚመጣው። ሰንሰለቱ እንዳይበላበት የሱሪውን የቀኝ እግር በልብስ መቆንጠጫ ይይዘዋል፤ ብዙ ጊዜም መቆንጠጫውን ሳያወልቅ እስከ ምሳ ይውላል። በሩ ላይ ሲደርስ ደወሉን ሁለቴ ያቃጭላል። አሁንም መንገድ ላይ የብስክሌት ደወል ስሰማ ዞር እላለሁ።

ሐምሌ 2008 ዓ.ም. በጀት ተዘግቶ ኦዲተር ገባ። 84,300 ብር ጎድሎብሃል ተባልኩ። አንድ ብር አልነካሁም፣ ግን ማን ያምነኛል? ደረሰኝ የምቆርጠውም ባንክ የማስገባውም እኔው ነኝ። ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። እስከ ዓርብ ካልተካ ጉዳዩ ወደ ሕግ ይሄዳል አሉኝ። አብረን ሻይ የምንጠጣ ልጆች ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ። አልፈርድባቸውም፣ ሁሉም ልጆች አሉት።

ጋሼ ግን የዚያኑ ቀን ማታ ቢሮዬ መጣ። ወስደሃል ወይ አላለኝም። «ክርስትና ስምህ ማን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። እስክሪብቶ አውጥቶ መዳፉ ላይ ጻፈው። ከዚያ «በል ተነስ፣ ስቶሩን እንክፈት» አለ፤ የድሮ ፋይሎች ያሉበት ክፍል ቁልፍ እሱ ዘንድ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሥራ ሰዓት በኋላ ቦክስ ፋይል ስናወርድ አመሸን። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራት ይጠፋል፣ በስልክ ባትሪ እንቀጥላለን። እሱ ወረቀት እያገላበጠ የሐምሌ ገብርኤልን ታሪክ ይነግረኛል። ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላ ውኃ የዳኑበት በዓል ነው። «እናቱ ፈርታ ነበር እኮ፣ ሕፃኑ ነው ያጸናት፣ ገና የሦስት ዓመት ልጅ» ይለኛል። ያንን ሲናገር ድምፁ ይለወጥ ነበር።

ሐምሌ 19 ገብርኤል አብረን አስቀደስን። ሕዝቡ ከግቢው አልፎ መንገዱን ሞልቶታል። እያለቀስኩ ተሳልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ የዚያን ቀን ምንም አልተገኘም፤ ቤቴ የገባሁት ተስፋ ቆርጬ ነው።

የተገኘው ሐሙስ ማታ ነው፣ ዓርብ ሊነጋ። መሥሪያ ቤቱ ሁለት የባንክ ሒሳብ ነበረው። ጥር ላይ በገዛ እጄ የሌላኛውን ሒሳብ ቁጥር ጽፌ ኖሮ ብሩ ከመደበኛው ይልቅ የፕሮጀክቱ ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ስሊፑም የፕሮጀክቱ ፋይል ውስጥ፣ ከሌላ ወረቀት ጀርባ በስቴፕለር ተመትቶ። 84,300፣ ከነባንኩ ማኅተም! ጋሼ ስሊፑን እንደያዘ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። ከእኔ በፊት ያለቀሰው እሱ ነው። በማግስቱ ባንኩ አረጋገጠ፣ ጉድለቱ ተሰረዘ፣ ተመስገን።

ከዚያ እሱ ጡረታ ወጣ፣ እኔም ሥራ ቀየርኩ። አልፎ አልፎ እሑድ አሞራ ገደል ዓሣ እንበላ ነበር።

ፍትሐቱ ላይ ካህኑ ክርስትና ስሙን ሲጠሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። የእኔን ጠይቆ ስምንት ዓመት ሲይዝ እኔ የእሱን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም። ያ እስካሁን ያመኛል። በሠልስቱ ባለቤቱ ውዳሴ ማርያሙን አምጥታ አሳየችኝ። ውስጡ በእጁ የተጻፈ የስም ዝርዝር ያለበት ወረቀት ነበር፣ ጠርዙ ተበልቷል። «ሁልጊዜ ጠዋት ያነሳችሁ ነበር» አለችኝ። የእኔ ክርስትና ስም አለ፣ ከሥሩ የባለቤቴ፣ ከእሷ ሥር ደግሞ በሌላ ቀለም የልጄ።

ባለፈው በ19 ገብርኤል ሄጄ ለቅዳሴ ስም ጽፌ ሰጠሁ። የእሱን አስቀደምኩ።