ሙሃጂርና አንሷር

ስለ መጀመሪያው የእስልምና ዘመን ሲወራ ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ወደ በድርና ወደ ኡሑድ ጦርነቶች ነው የሚሄደው፣ እኔን ግን ሁሌ የሚገርመኝ ሙዓኻት ነው፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ከገቡ በኋላ ከመካ የተሰደዱትን ሙሃጂሮች ከመዲና ሰዎች ማለትም ከአንሷሮች ጋር እያጣመሩ ወንድማማች ያደረጉበት ማለቴ ነው።

የዛን ጊዜ አረብ አገር ፖሊስ የለ ፍርድ ቤት የለ፣ የሚጠብቅህም ብትገደል ደምህን የሚመልስልህም ጎሳህ ነው። ነቢያችን ራሳቸው መካ ላይ ያን ሁሉ ዓመት የቆዩት አጎታቸው አቡ ጧሊብ ስለከለሉላቸው ነው፣ እሱ በ619 እ.ኤ.አ ሲሞት ነገሩ ከበደ። ከለላ የሌለውማ አትጠይቁኝ። ቢላል የሐበሻ ዘር ያለበት ባሪያ ነበር፣ ጌታው ኡመያ በጠራራ ፀሐይ አሸዋ ላይ አስተኝቶ ደረቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ሲጭንበት ተው የሚል ዘመድ አልነበረውም፣ የነቢያችን የቅርብ ባልደረባ አቡበክር ናቸው ገዝተው ነፃ ያወጡት።

እና በ622 ሂጅራ (ከመካ ወደ መዲና ስደቱ) ሲደረግ ሰዎቹ ቤትና ንብረት ብቻ ሳይሆን ያንን ከለላም ጥለው ነው የወጡት። መዲና ላይ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (መጀመሪያ ወደ ሐበሻ ከተሰደዱትም አንዱ ነው) ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር ተጣመረ። ሰዕድ ሀብታም ነበር፣ ገንዘቤን ግማሽ ውሰድ አለው፣ በዛ ላይ ሁለት ሚስቶች አሉኝ ደስ ያለችህን ልፍታልህና ዒዳዋን (ከፍቺ በኋላ የምትጠብቀውን ጊዜ) ስትጨርስ አግባት አለው (ዛሬ እንዲህ የሚል ሰው ቢገኝ ምን እንደሚባል እንጃ)። ዐብዱረሕማንም አላህ በቤተሰብህም በገንዘብህም በረካ ያድርግልህ፣ እኔን ገበያውን ብቻ አሳዩኝ ብሎ በኑ ቀይኑቃዕ ወደሚባለው የመዲና አይሁድ ጎሳ ገበያ ሄደ፣ ከዛ ደረቅ አይብና ቅቤ አትርፎ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ልብሱ ላይ የሽቶ ቢጫ ምልክት ታየበትና ነቢያችን ምንድነው ሲሉት አገባሁ አለ፣ መህሩስ (ለሙሽራዋ የሰጠኸውስ) ሲሉት የቴምር ፍሬ ውስጥ ያለችውን ዘር የምትመዝን ወርቅ አለ፣ በል በአንድ በግም ቢሆን ድግስ ደግስ አሉት።

ወንድምነቱ ደግሞ የአፍ ብቻ አልነበረም፣ መጀመሪያ አካባቢ የተጣመሩት ይወራረሱ ነበር፣ በኋላ ነው ውርሱ በቁርኣን ወደ ሥጋ ዘመድ የተመለሰው። የመዲናው የስምምነት ሰነድም የተለያዩ ጎሳዎችን አንድ ኡማ (አንድ ማኅበረሰብ) ይላቸዋል፣ የሚገርመው የበኑ ዐውፍ አይሁዶችንም ከሙእሚኖች (ከአማኞች) ጋር አንድ ኡማ ናቸው፣ ለነሱ ሃይማኖታቸው ለሙስሊሞችም ሃይማኖታቸው ብሎ ያስገባቸዋል።

ግን ጎሳ በአንድ ጊዜ ከሰው ልብ ወጥቶ አለቀ ብዬ አላምንም። በ632 ነቢያችን ሲያርፉ ገና ሳይቀበሩ አንሷሮች በኑ ሳዒዳ የሚባለው ጎሳ ሰቂፋ (መሰብሰቢያ ዳስ) ውስጥ ተሰብስበው ከራሳቸው ሰው ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳን ሊሾሙ ነበር፣ ከሙሃጂሮቹ አቡበክርና ዑመር ሰምተው ደረሱ፣ ከአንሷሮቹ በኩል ከኛም አንድ አሚር (መሪ) ከናንተም አንድ አሚር የሚል ሐሳብ ተነሳ፣ አቡበክር አረቦች ከቁረይሽ (ከነቢያችን የመካ ጎሳ) ውጪ ለማንም እሺ አይሉም አሏቸው። በዛ ሰዓት የሥልጣኑን ክርክር የቆረጠው ዞሮ ዞሮ የዘር ጉዳይ ነው ለኔ፣ ዑመር የአቡበክርን እጅ ይዘው በይዓ (የታማኝነት ቃል ኪዳን) ሲያደርጉ ሰዉ ተከተለ፣ የመጀመሪያው ኸሊፋም (የነቢያችን ተተኪ መሪ) አቡበክር እንዲህ ተሾሙ።