የንብ አርቢው ለቅሶ

ዛሬ ጎጃም፣ በአጎቴ ለቅሶ ላይ ዋልኩ። አልቃሿ እናት ሙሾ ከማውረዳቸው በፊት ጎረቤቶቹን ጠጋ ብለው ስለ ሟቹ ጠየቁ። «ንብ ነበር ነፍሱ» አሏቸው። ወዲያው፦

«ንቦቹም ተነስተው አባባ የት አለ፣
ቢሉኝ ምን ልመልስ አንደበቴ ዛለ።»

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏቸው። እስከዚያች ሰዓት እንባ ጠብ ያላለው የበኩር ልጁ ተንሰፈሰፈ። እኔም አጎቴን በሁለት ስንኝ ከድሮው በላይ አወቅኩት።

ከተማ ውስጥ ድንኳን ገብተን፣ ንፍሮ ቀምሰን፣ ካርታ ተጫውተን እንበተናለን። ማጽናናቱ አለ፣ አልክድም። ግን የሟቹን ሕይወት በግጥም የሚነግረን የለም። ሙሾ ግጥምም፣ ዜማም፣ ትወናም ነው፤ አብዛኛው በቃል ብቻ ስላለ ደግሞ ከባለሙያዋ ጋር ይቀበራል። እኚህ እናት ከፈቀዱልኝ፣ ለሰልስቱ ድምፃቸውን እቀዳለሁ።