ጂማ ላይ የጡብ ምድጃና ጭስ ማውጫ ማፍረስ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የቤት እድሳት በገዛ እጃችን ለምንሞክር ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ነው የምጽፈው። ሥራው እናቴ ሳሎን ውስጥ ያለውን የጡብ ምድጃ ከነጭስ ማውጫው ማንሳት ነው። ቤቱ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው፤ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 በቆየበት ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። ጂማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ብትሆንም፣ ከኅዳርና ከታኅሣሥ ንጋት በቀር እሳት ዳር የሚያስቀምጥ ብርድ የላትም። ምድጃው ለዓመታት የጫማ መደርደሪያ ሆኖ ኖሯል። እማዬ ቦታውን ለረከቦቷ ትፈልገዋለች፤ እኔም ግንብ መማር ስለፈለግኩ ተስማማን።

ኅዳር

ጣሪያ የሚበሳ ሥራ ስለሆነ ደረቁን ወቅት ጠበቅኩ። ማዘጋጃ ቤትም ሄጄ አስቀድሜ ጠየቅኩ። ከዚያ መዶሻ ከማንሳቴ በፊት ባትሪ ይዤ ኮርኒስ ውስጥ ገባሁ። ይህን ማንም እንዳይዘለው። ከታች ሲታይ ጭስ ማውጫው ለብቻው የቆመ ይመስላል፤ ከላይ ግን አንዱ የጣሪያ ወራጅ መሐሉ ተቆርጦ፣ ጫፉን የያዘው አግዳሚ እንጨት በጡቡ ትከሻ ላይ ተደግፏል። ማለትም ጡቡ ጭስ ብቻ ሳይሆን ጣሪያም ይዟል። መጀመሪያ በሁለት በኩል ሞራሌ አቁመን አግዳሚውን ከጡቡ አላቀቅነው፤ ሸክሙም ወደ ሳሎኑ ግድግዳ ዞረ። የኤሌክትሪክ ገመድም በዚያው በኩል ያልፍ ስለነበር ቆጣሪውን አጥፍተን አዛወርነው።

ጡረታ የወጡ ግንበኛ ጎረቤት አሉን። እኔ ወጣ ያለውን የምድጃውን ግንብ ከሳሎን ጀምሬ ልንደው ነበር ያሰብኩት፤ ቀላሉ እሱ ይመስል ነበርና። ሲሰሙ ሳቁ።

«የታችኛውን ከነካህ የላይኛውን ማን ሊሸከመው ነው?» አሉኝ።

«ከላይ ልጀምር ነው የሚሉኝ ጋሼ?»

«ከላይ፣ አንድ ረድፍ አንድ ረድፍ። ሰው ሲያፈርስ የሚቸኩለው መገንባት የማያውቅ ሲሆን ነው።»

ሒሳቡን ስሠራው ገባኝ። የጭስ ማውጫው ውጫዊ ስፋት 50 በ50 ሳንቲ ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 12 ነው። የጡብ ግንብ አንድ ሜትር ኩብ 1,800 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን፣ እያንዳንዱ ሜትር ቁመት ከሦስት ኩንታል በላይ ነው። ያ ሁሉ ክብደት ከሰው ራስ በላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ታኅሣሥ

የምድጃውን አፍ በጣውላና በላስቲክ ዘጋነው። አለበለዚያ ጥላሸቱ በመጀመሪያው ምት ሳሎኑን ያለብሰዋል፤ መጋረጃ የያዘው ጥላሸት ደግሞ በሳሙናም አይለቅም። ለጣሪያው ከአጣና መወጣጫ ሠርተን፣ ቆርቆሮው ላይ ሰው የሚረግጠው ጣውላ አነጠፍን።

ከሁሉ አስቀድሞ የወረደው አናቱ ላይ የነበረው የአርማታ ክዳን ነው። ከሱ በታች ያሉት የላይኞቹ ረድፎች ኋላ ላይ በሲሚንቶ የተጠገኑ ናቸው፤ ሲሚንቶው ከጡቡ ይበልጥ ስለሚጠነክር መሮ ሲገባበት የሚሰበረው ጡቡ ነው። ከዚያ በታች ኖራ ነው። እዚህ ሲደረስ ሥራው ሌላ ሆነ፦ መሮውን መጋጠሚያው ላይ አስቀምጦ ቀለል አድርጎ መምታት፣ ጡቡን በእጅ ማወዛወዝ፣ ማንሳት። ኖራው በመጥረጊያ ብቻ ይለቃል። ይህን ካየሁ በኋላ ኖራ ለድሃ ቤት ነው የሚለውን ወሬ መስማት አልፈልግም።

ጡቡን በውስጠኛው ቀዳዳ ወደ ታች መልቀቅ የሚመርጡ አሉ። እኔ አልወደድኩትም፤ መሐል ላይ ከተቀረቀረ ከላይም ከታችም አይደረስበትም። በባልዲና በገመድ አወረድነው፤ ግቢ ውስጥ ደግሞ በባሬላ። አቧራው ሳንባ ይጎዳልና ማስክ ግድ ነው። ጡቡን ትንሽ ረጨት ማድረግም ይረዳል፤ ግን ርጨት ብቻ፣ ውኃ የጠጣ ጥላሸት እንደ ቀለም ነው የሚፈሰው።

ጭስ ማውጫው ከጣሪያ በታች እንደወረደ ቀዳዳውን በዚያው ቀን ነው የዘጋነው። ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ይቆረጥና ቀዳዳው ላይ ይለጠፋል። ከላይ የሚወርደው ውኃ በልጥፉ የላይኛ ጠርዝ ሥር ይገባል፤ ሬንጅ ቢቀባም ፀሐይ ሲሰነጥቀው ያው ነው። ትክክለኛው የልጥፉን ላይኛ ጫፍ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ማስገባት ነው፣ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር። እኔ ከዚያም አልፌ የተበሳውን ቆርቆሮ ከጣሪያው አናት እስከ አሸንዳው ሙሉውን ቀየርኩት። ከመቀየሩ በፊት የተቆረጠው ወራጅ አዲስ ሞራሌ ተቀጥሎለታል። ምስማሩ ከነጎማው የሚመታው ቆርቆሮው ጎበጥ ባለበት እንጂ ውኃ በሚሄድበት ጎድጓዳ አይደለም።

ከገና በኋላ

የሳሎኑ ክፍል በአንጻሩ ቶሎ አለቀ። ከላይ ሸክም ስለሌለ ግንቡ ረድፍ በረድፍ ወረደ፤ የምድጃው አፍ ቅስት ብቻ ነው ከሥሩ ድጋፍ የፈለገው። የእሳቱ መቀመጫ ሲነሳ የቀረውን ጉድጓድ ጠጠር ሞልተን ሊሾ አደረግነው።

ያላሰብኩት ጉዳይ ግድግዳው ነው። ጥላሸት ውስጥ ጨው አለ፤ ለዓመታት ወደ ጡቡ ሰርጓል። ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ የጂማ ክረምት ደግሞ እርጥበት አይነፍገውም። ስለዚህ ምድጃ የነበረበት ግድግዳ ጣሪያ ሳያፈስ ይወዛል፣ ቡናማ ነገርም በቀለሙ ላይ ይወጣል። ሰው ቆርቆሮውን ይወቅሳል፣ ደግሞ ይቀባል፣ ደግሞ ይወጣል። ጄሶ ከተለሰነበት ይብሳል፣ እርጥበቱን ስለሚስብ። በውኃ ማጠብም ጨውን የበለጠ ያሰርገዋል። አሮጌውን ልስን ፍቄ፣ ጡቡን በደረቅ የሽቦ ብሩሽ ጠርጌ፣ ገላልጬ ትቼዋለሁ። እማዬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ታፍራለች። ሲደርቅ በኖራና በአሸዋ እለስነዋለሁ።

ሌላው አየር ነው። ጭስ ማውጫ እሳት ባይነድበትም የክፍል አየር ወደ ላይ ይስባል። እዚያው ሳሎን ውስጥ ቡና በከሰል ይፈላል፤ የከሰል ጢስ የማይታይ፣ የማይሸት ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። የሚስበውን አፍርሶ ከሰሉን ማስቀጠል አይሆንም። በውጪው ግድግዳ ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ ቀዳዳ ከፍቼ ወንፊት አደረግኩባቸው፤ ከሰሉም ውጭ ሳይቀጣጠል እንዳይገባ ተስማምተናል። ቀዳዳ ስላለ መስኮት አይከፈትም ማለት አይደለም።

ጥላሸት ያልነካው ጡብ የጓሮውን መተላለፊያ ሸፈነ። የጠቆረውን ቤት ውስጥ መልሼ አልገነባበትም፤ ጨውን አብሮ ያመጣል፤ ለአበባ መደብ ዙሪያ ግን ይሆናል።

አሁን የቀረኝ ልስኑና የሊሾው ቀለም ነው። አዲሱ ሊሾ ከአሮጌው ጎን ነጥቶ ይታያል። ለሲሚንቶው የሚጨመር ቀለም የሞከራችሁ ካላችሁ፣ ከአሮጌ ቀይ ሊሾ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ ጻፉልኝ።