በጠፈር ላይ ሸሺን ማሳደድ

ማታ ማታ የምጽፈው ልብ ወለድ አለ። አንድ አደገኛ ሰው በምድር ምህዋር ላይ ከሚገኝ ጣቢያ መንኮራኩር ነጥቆ ያመልጣል፤ አንዲት ካፒቴንና አራት ባልደረቦቿ ከነነፍሱ ይዘውት እንዲመለሱ ይታዘዛሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። ነጭ ለባሽ ሽፍታ ማሳደዱ ሲተረክ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ዓይነቱን ታሪክ ለመጻፍ ብዙ የሚቸገር አይመስልም፤ ዱካ አለ፣ አቧራ አለ፣ የውኃውን ቦታ ቀድሞ የያዘ ያሸንፋል። ጠፈር ላይ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከመጀመሬ በፊት በእውነት ጠፈር ላይ አንድ ነገር ሲያሳድዱ የኖሩ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ ያዝሁ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ነው። ዛሬም ልብ ወለዱን አስቀምጬ ይህን የምጽፈው ስለዚሁ ነው።

ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ጁን 3 ቀን 1965 ጄምስ ማክዲቪትና ኤድ ዋይት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ጀሚኒ 4 በተባለች ጠባብ መንኮራኩር ምህዋር ገቡ። ከተሰጣቸው ሥራ አንዱ ለጆሮ ቀላል ነበር፤ ምህዋር አድርሷቸው የተለየውን የሮኬታቸውን ቅሪት ተጠግተው አብረውት እንዲጓዙ ነው። ቅሪቱ ብልጭ ድርግም የሚሉ መብራቶች ተገጥመውለታል፤ በመስኮት ይታያል፤ የሚነዳውም ሰው የለም። ማክዲቪት የመንኮራኩሯን አፍንጫ ወደ እሱ አዙሮ ሞተሩን ለኮሰ። ቅሪቱ ራቀ። እንደገና አነጣጥሮ ለኮሰ። አሁንም ራቀ። ርቀት የሚለካ ራዳር አልነበራቸውም፤ ሁለቱ ሰዎች በዓይናቸው የገመቱት ርቀት እንኳ አልተገናኘም። የነዳጃቸው ግማሽ ገደማ እንዳለቀ ማሳደዱን ተዉት።

ዓለም ከዚያ ጉዞ የሚያስታውሰው ኤድ ዋይት በዚያው ዕለት ከመንኮራኩሯ ወጥቶ ጠፈር ላይ መንሳፈፉን ነው፤ ለአሜሪካ የመጀመሪያው ነበርና ይገባዋል። እኔን የያዘኝ ግን ማክዲቪት ነው። በኮሪያ ጦርነት የተዋጋ የጦር አውሮፕላን አብራሪ ነበር። ጠላት ከፊትህ ካለ አፍንጫህን ወደ እሱ አድርገህ ፍጥነት ጨምር የሚለው እውቀት በደሙ ውስጥ የገባ ሰው ነው። ያ ሁሉ ልምድ ነጂ የሌለው ባዶ ቆርቆሮ ለመያዝ አልበቃም።

ምህዋር ላይ ያለ ነገር ሁልጊዜ እየወደቀ ነው፤ ወደ ጎን ያለው ፍጥነት ከፍተኛ ስለሆነ ግን ምድርን ሳይነካ ይዞራታል። በ400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያ ፍጥነት በሰዓት ወደ 28,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ አንድ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ዝቅ ባለ ምህዋር ላይ ያለው ይፈጥናል፤ ከፍ ያለው ይዘገያል። የሩጫ መም ላይ የውስጠኛውን መስመር የያዘ ሯጭ መንገድ ያጥርለታል፤ እዚህ ደግሞ መንገዱ ማጠሩ ብቻ ሳይሆን እግሩም ይፈጥንለታል። እንግዲህ ከፊቱ ወዳለው ሸሺ ሞተሩን የለኮሰ አሳዳጅ ጉልበት ይጨምራል፤ የጨመረው ጉልበት ግን ወደ ላይ፣ ወደ ውጪው መስመር ያወጣዋል፤ ስለዚህ ወደ ኋላ ይቀራል። መድረስ የሚፈልግ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። ያን ጊዜ ዝቅ ይላል፣ በሥር በኩል ርቀቱን እያጠበበ ይሄዳል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ብቻ ሞተሩን ለኩሶ ወደ ሸሺው ከፍታ ይወጣል።

ይህን ለእህቴ ልጅ ሳስረዳት «ታዲያ ለመያዝ መጀመሪያ መተው ነው የሚያስፈልገው?» አለችኝ። አሥረኛ ክፍል ናት፤ ልብ ወለዱን ከእኔ በላይ የምትጠብቀው እሷ ናት። ጥያቄዋን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍሁት፤ የካፒቴኗ ምክትል ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይጠይቀዋል።

ባዝ ኦልድሪን ጨረቃ ላይ በመርገጡ ይታወቃል። ከዚያ በፊት ግን በ1963 ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለዶክትሬት ያቀረበው ጥናት ሰው ያለባት መንኮራኩር ምህዋር ላይ ሌላዋን እንዴት እንደምትደርስ የሚመረምር ነበር። ባልደረቦቹ በዚህ ጉዳይ ነጋ ጠባ ሲያወራቸው «ዶክተር ራንዴቩ» (የመገናኘት ዶክተር እንደማለት ነው) የሚል ስም አወጡለት። በኖቬምበር 1966 ከጂም ላቭል ጋር በጀሚኒ 12 ሲጓዝ ዒላማቸውን እየተጠጉ ሳለ ራዳሩ ሥራ አቆመ፤ ኦልድሪን ሴክስታንት የተባለውን የማዕዘን መለኪያና ሠንጠረዥ ይዞ ቀሪውን መንገድ እያሰላ አደረሳቸው። ሲያስላግጡበት የነበረው እውቀት ያን ቀን ጉዞውን አዳነ። እንዲህ ያለ ሰው በእኔም መንኮራኩር ውስጥ አለ፤ ዝምተኛ፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ፣ ሁሉም ሰው የሚሰለቸው።

ለልብ ወለዱ በጣም የጠቀመኝ ሌላው ነገር የምህዋር ዝንባሌ፣ ማለትም ምህዋሩ ከምድር ወገብ ያጋደለበት ልክ ነው። ሸሺው የሚዞርበትን አቅጣጫ በ60 ዲግሪ ልቀይር ቢል የሚያስፈልገው የፍጥነት ለውጥ ምህዋር ላይ የሚያቆየውን ሙሉ ፍጥነት ያክላል። ያን ያህል ነዳጅ ማንም ይዞ አይዞርም። ስለዚህ ሸሺው እንደ ልቡ አይጠመዘዝም፤ አንድ ሁለት ውሳኔ ብቻ ነው ያለው። አሳዳጇም እንዲሁ ናት። ከምድር የምትነሣ ከሆነ የማስወንጨፊያው ቦታ ከሸሺው ምህዋር ሥር እስኪገባ መጠበቅ አለባት። ሰውዬው በየ90 ደቂቃው ዓለምን እየዞረ እሷ ወንበሯ ላይ ታስራ ሰዓት ትቆጥራለች። መደበቂያም የለውም። ሰው የተቀመጠበት መንኮራኩር ይሞቃል፤ በዚያ ብርድ ውስጥ ሙቀት ከሩቅ ይታያል። የት እንዳለ ያውቃሉ፣ በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ ያውቃሉ፣ ግን እጃቸው አይደርስም። ከጥይት ተኩስ ይልቅ ይህ ልብ የሚሰቅል ይመስለኛል።

ከሁሉም በላይ ያነበብሁት ታሪክ ግን የሳልዩት 7 ነው። የሶቪየት ኅብረት የጠፈር ጣቢያ ነበር። ፌብሯሪ 11 ቀን 1985 ማንም ሰው ባልነበረበት ጊዜ የሬዲዮ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ሲጠሩት አይመልስም፣ ሲያዙት አይታዘዝም። ወደ 20 ቶን የሚመዝን የሞተ ጣቢያ ዓለምን መዞሩን ቀጠለ፤ ከተተወ አንድ ቀን የት እንደሚወድቅ ማንም አያዝበትም። ቭላዲሚር ዣኒቤኮቭና ቪክቶር ሳቪኒክ ሶዩዝ ቲ-13 በተባለች መንኮራኩር ጁን 6 ቀን ተነሡ። ሦስተኛው መቀመጫ ተነሥቶ በምትኩ ተጨማሪ ስንቅ ተጭኖ ነበር።

በተለመደው አሠራር ጣቢያው የሬዲዮ ምልክት ይልካል፣ መንኮራኩሯ በራሷ ትጠጋለች። ይህ ግን ዝም ያለ ጣቢያ ነው። ዣኒቤኮቭ ርቀት የሚለካ የሌዘር መሣሪያና በጨለማ የሚያሳይ መነጽር ተሰጥቶት፣ መንኮራኩሯን ወደ ጎን አዙሮ በመስኮት እያየ፣ ሳቪኒክ ቁጥር እያነበበለት በእጁ ነዳት። ዣኒቤኮቭ ከሦስት ዓመት በፊትም ከዚሁ ጣቢያ ጋር በእጁ እየነዳ ተገናኝቶ ያውቃል፤ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። ሲጠጉ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዎቹ እንደነገሩ ዞረው ቆመው አዩ፤ ጣቢያው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሌለ ያን ጊዜ አወቁ። በዙሪያው ዞረው ጁን 8 ቀን ተጣበቁት።

ከዚያ በሩን ከፍቶ መግባት ነበር። መጀመሪያ አየር መኖሩን አረጋገጡ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ከፈቱ። ውስጡ ጨለማ ነው። ግድግዳውና ቧንቧው በረዶ ለብሷል። ቅዝቃዜውን ለማወቅ ግድግዳው ላይ ምራቅ ተፉ፤ ወዲያው ሲረጋ አዩት። የሱፍ ቆብ ደፍተው ሠሩ። ችግሩ ከአንድ ብልሹ መለኪያ የመጣ ነበር፤ ባትሪዎቹ ሞልተዋል ብሎ ከፀሐይ ሰሌዳዎቹ ለያይቷቸዋል። ከስምንቱ ባትሪዎች ስድስቱ ሊድኑ የሚችሉ ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች ሽቦዎቹን ልጠው በባዶ እጃቸው ባትሪዎቹን ከሰሌዳዎቹ ጋር በቀጥታ አገናኙ፤ ሰሌዳዎቹ ፀሐይ እንዲያገኙም በሶዩዝ ሞተር ጣቢያውን አዞሩት። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር ደግሞ ውኃው ሌላ ሥራ ሆነባቸው፤ በጨርቅ እየጠረጉ ነበር የሚውሉት።

ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች በብዙ የተነገረ አይመስለኝም፤ በእኛ ቋንቋማ ጭራሽ። ያሳዝነኛል። ያን ጊዜ ቀዝቃዛው ጦርነት ጥርስ ያስነክስ ነበር፤ ሥራቸው ግን የማንም ወገን ሊሆን የማይገባው የሰው ልጅ ሥራ ነበር። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ ሮኬቱ አደረሳቸው፣ የቀረውን በብርድ የደነዘዘ ጣታቸው ሠራው።

በሜይ 1992 ደግሞ ኢንዴቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከተሳሳተ ምህዋር የቀረ፣ ከአራት ቶን በላይ የሚመዝን ኢንቴልሳት የተባለ የመገናኛ ሳተላይት ልትይዝ ወጣች። ለዚሁ የተሠራ የመያዣ ዘንግ ነበራቸው። ፒየር ቱዎ ዘንጉን ባስነካው ቁጥር ሳተላይቱ እየተንገዳገደ ይሸሻል። ሁለት ቀን ሞክረው አልሆነም። በመጨረሻ ቱዎ፣ ሪክ ሂብና ቶም ኤከርስ ሦስቱም አንድ ላይ ወጡ፤ እስከዚያ ድረስ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ወጥቶ አያውቅም። አዛዡ ዳን ብራንደንስታይን መንኮራኩሯን በጥንቃቄ አስጠጋላቸው፤ በጓንታቸው ያዙት። ሥራው ከስምንት ሰዓት በላይ ወሰደ።

እነዚህን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር እየገዘፈብኝ መጣ፤ የልብ ወለዴንም መጨረሻ ቀየረው። ጠፈር ላይ ሸሺን የሚደርስበት ሰው እየበረረ መጥቶ አይጋጨውም። የእሱን ከፍታ፣ የእሱን አቅጣጫ፣ የእሱን ፍጥነት አንድ በአንድ ይይዛል፤ ሁሉም ሲተካከል ሁለቱም በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር እየተወነጨፉ እርስ በርሳቸው ዝም ብለው የቆሙ ይሆናሉ። በዲሴምበር 1965 ዋሊ ሺራና ቶም ስታፎርድ በጀሚኒ 6 ሆነው ጀሚኒ 7ን የደረሱባት እንዲህ ነው፤ 30 ሴንቲሜትር ያህል ቀርተዋቸው ቆመው ነበር። በመስኮት በኩል የፍራንክ ቦርማንና የጂም ላቭል ፊት ይታያል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ጠፈር ላይ ከሰነበቱ አሥራ አንድ ቀን አልፏቸዋል፤ ጢማቸው አድጎ ነበር።

ካፒቴኗም እንደዚህ ልትደርስበት ነው። ለቀናት አንድ ነጥብ ሆኖ ስክሪን ላይ ያየችው ሰው በድንገት ፊት ይኖረዋል። መሣሪያ ሊያነሣባት ይችላል፤ ሞተሩን ለኩሶ ሁለቱንም ሊያጠፋ ይችላል። እሷም በኃይል ብትነካው የኢንቴልሳት ዕጣ ይደርስባታል፤ መንገዳገድ የጀመረ መንኮራኩር ደግሞ ሊጠጉት የማይቻል ገዳይ ነገር ነው። ጠፈርን የጦር ሜዳ አድርገው የሚጽፉ ሰዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ በዚያ ቅርበት ጉልበት የሚሠራው ሥራ እጅግ ጥቂት ነው።

ባለፈው ሳምንት ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በአዲስ አበባ ላይ ሲያልፍ ከእህቴ ልጅ ጋር ከሰገነት ላይ ሆነን አየነው። ከምዕራብ ወጥቶ፣ ከማንኛውም ኮከብ ደምቆ፣ ሳይንቀጠቀጥ ሄደ፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የምድር ጥላ ዋጠው። «እዚያ ላይ ያለ ሰው ቢያጠፋ ማን ይይዘዋል?» አለችኝ። ጣቢያው የብዙ አገሮች ስለሆነ እያንዳንዱ አገር በራሱ ዜጋ ላይ ሥልጣን እንዳለው በ1998 በተፈረመው ስምምነት ላይ መጻፉን ነገርኋት። አልረካችም። «ማን ይዳኘዋል አላልሁም፤ ማን ይይዘዋል ነው ያልሁት» አለች።

የአምስተኛው ምዕራፍ ችግር በትክክል ይኸው ነው። መንኮራኩሮቹ ተጣብቀዋል፣ የአየሩ ግፊት ተስተካክሏል፣ ካፒቴኗ በሩ ላይ ናት። ሳልዩት 7 ውስጥ ማንም ስላልነበረ ዣኒቤኮቭ ራሱ ከፈተ። እዚህ ግን መቆለፊያው በሸሺው በኩል ነው፤ ሊከፍትላት የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ምን ብትለው እንደሚከፍትላት ገና አልጻፍሁም። እስካሁን የሰረዝኋቸው ንግግሮች በሙሉ ማስፈራሪያ ወይም ልመና ነበሩ፤ ሁለቱም እሷን አይመስሏትም። ምናልባት ስንት ሰዓት የሚያቆይ አየር እንደቀረው ትጠይቀው ይሆናል፤ እሷም የራሷን ትነግረዋለች።