ጠጠሯ

ትናንት ሌሊት የደብረ ብርሃን ነፋስ የማገዶ እንጨታችንን መሸፈኛ ላስቲክ ገንጥሎ አጥሩ ላይ ሰቅሎት አደረ። ጠዋት ድንጋይ ልጭንበት ስል ጎረቤታችን እማማ "ተው ልጄ፣ ድንጋይ ይንሸራተታል፣ ላስቲኩንም ይቀደዋል" ብለው መጡ። ድቡልቡል ጠጠር አንስተው በላስቲኩ ጫፍ ጠቀለሏት፣ አንገቷን በሲባጎ ጥብቅ አርገው አሰሩና ውሃ የሞላ ሃይላንድ አንጠለጠሉባት፣ አራቱንም ጥግ እንደዛ። ነፋሱ ሲመጣ ሃይላንዱ ይወዛወዛል እንጂ ላስቲኩ ንቅንቅ አይልም! ጎንና ጎኑን ግን ክፍት አስተዉኝ፣ ባህር ዛፍ ታፍኖ ከተሸፈነ አይደርቅም፣ ጭሱ ደግሞ የእናቴን አይን ነው የሚጎዳው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ብርድ ውስጥ ለሚኖር ሰው ደረቅ እንጨት ትልቅ ነገር ነው፣ እነዚያ ጣቶች ስንቱን ክረምት እንዲህ አስረው ይሆን? ሲሄዱ "ማታ ማታ ነካ እያረክ እየው፣ ሲባጎ ይላላል" አሉኝ። አሁን ውጪው እያፏጨ ነው፣ ወጥቼ አንድ በአንድ ነካክቼ ገባሁ።