ጾምም ፍስክም የማያፈርሰው አበላል

ከ84 ኪሎ ወደ 71 ለመውረድ ሁለት ፋሲካ ፈጅቶብኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «በወር 10 ኪሎ» የሚል ተስፋ ይዞ የመጣ ሰው ጊዜውን እንዳያባክን ነው። ቀስ እያለ ነው የወረደው፤ ጭራሽ ንቅንቅ ያላለባቸው ወራትም ነበሩ። ግን አልተመለሰም። ከዚያ በፊት ያወረድኩት ኪሎ ሁሉ ወለዱን ይዞ ነበር የሚመለሰው።

መነሻዬ የደም ምርመራ ነው። ለሌላ ጉዳይ ሄጄ የጾም ስኳሬ፣ ማለትም ምንም ሳይበላ የሚለካው የደም ስኳር፣ 118 ሆኖ ተገኘ። ከ100 በታች ጤነኛ ነው፤ ከ126 ጀምሮ ስኳር በሽታ ይባላል፤ እኔ መሀል ላይ ነኝ ማለት ነው። ሐኪሟ መድኃኒት አላዘዘችልኝም፤ «ትንሽ ክብደት ቀንሺ፣ ተንቀሳቀሺ» ብቻ አለችኝ። ትንሽ ማለት ስንት ነው ብዬ ስጠይቃት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት ነገረችኝ። ከክብደታቸው 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ አልመው የሠሩት ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀንሷል። የ84 ኪሎ 7 በመቶ ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ቁጥር ሲሰጠኝ ልቤ ይረጋል።

ዳይት ለሚባለው ነገር አዲስ አልነበርኩም። ኬቶ ሞክሬያለሁ፤ እንጀራ የለ፣ ዳቦ የለ፣ ሥጋና እንቁላል ብቻ። ይወርዳል፣ አይካድም። ከዚያ ዓቢይ ጾም ይገባል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ በማይነካበት 55 ቀን ውስጥ ኬቶ የያዘ ሰው ምን ሊበላ ነው? አቮካዶ በጎመን? ቦርጭ ያጠፋል የሚባለውንም ሻይ ገዝቼ ጠጥቻለሁ፤ ያጠፋው ብሬን ነው።

ነገሩ የገባኝ ኪሎዬን ከቀን መቁጠሪያ ጋር ሳስተያየው ነው። የእኛ ዓመት አንድ ዓይነት አይደለም። ረቡዕና ዓርብ አለ፤ ዓቢይ ጾም፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ፣ የነቢያት ጾም አለ፤ ምእመን የሚጾማቸው ቀኖች ቢደመሩ 180 ገደማ ይደርሳሉ። በሌላ በኩል ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ግማሹን ዓመት በሽሮና በምስር፣ ግማሹን በሥጋና በቅቤ ለሚኖር ቤት ደግሞ ከየትም የተገለበጠ የምግብ ሰሌዳ አይገጥመውም። የፍስኩ ለጾም አይሆንም፤ የጾሙ ፋሲካ ዕለት ይፈርሳል። ስለዚህ ብዙ ደንብ ይዤ ከማፍረስ ጥቂት ይዤ በሁለቱም ወቅት ብጠብቅ ይሻለኛል አልኩ። ማንኛውንም ነገር ከመጀመሬ በፊት የምጠይቀው ይህን ብቻ ሆነ፤ ሁዳዴ ላይስ ይሠራል? የፋሲካ ማግስትስ?

«ጾም ያከሳል» ይባላል። እኔን አላከሳኝም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳልቀምስ እቆያለሁ፤ ዘጠኝ ሲል ቢሯችን ሥር ካለው ዳቦ ቤት ትኩስ ዳቦ በሻይ፣ ሻዩ ላይ ሦስት ማንኪያ ስኳር። ሳምቡሳ ካለ ሳምቡሳ፣ ከሌለ ቦምቦሊኖ። ቤት ስገባ የሽሮ ፍትፍት፣ ለልጆቹ ተብሎ ከተሠራው ፓስታም ቅምሻ። ሁሉም የጾም ነው፣ አንዱም ጾም አያፈርስም። ግን ቀኑን ሙሉ የበላሁት ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ነው። ጾሙ የታዘዘው ለነፍስ እንጂ ለቦርጭ አይደለምና በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም።

የለወጥኩት የምገድፍበትን ነው። ምሳ ዕቃ መያዝ ጀመርኩ። ውስጡ የተቀቀለ ምስር ወይም የሽምብራ ንፍሮ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ከላይ ሎሚ። እሱን መጀመሪያ እበላለሁ፤ ዳቦ ካማረኝ ከዚያ በኋላ። ብዙ ቀን ዳቦው ይረሳል። መቶ ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ አሠሩም ብዙ ነው፤ ሆድ ይይዛል። ፍስክ ሲሆን ያው ምሳ ዕቃ ነው የሚወጣው፤ በምስሩ ፈንታ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ጎመን ባይብ ይገባል። ደንቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሚሞላበት ነገር ነው። ቆሎም እወዳለሁ፤ ገብሱ ላይ ብዙም አልጨነቅም፣ ለውዙ ላይ ግን እጄን እሰበስባለሁ፤ መቶ ግራም ለውዝ ከ560 ካሎሪ ያልፋል።

ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ዘይት ነው። ሰው ሁሉ ጣቱን እንጀራ ላይ ይቀስራል። ጤፍ ምን አደረገ? ከነገለባው የሚፈጭ እህል ነው፣ አሠርም ፕሮቲንም አለው። እኔ ያየሁት ጓዳ ያለውን ጀሪካን ነው። ባለ 5 ሊትሩ በወር ያልቅ ነበር። አምስት ሊትር ዘይት 4.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ግራም ዘይት 9 ካሎሪ ነው፤ ስለዚህ ጀሪካኑ ውስጥ ከ41,000 ካሎሪ በላይ አለ። ለአምስት ቤተሰብ፣ ለ30 ቀን ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 275 ገደማ። ማንም «ዘይት በላሁ» ሳይል ማለት ነው።

ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስት ላይ የሚንቆረቆረውን በቡና ሲኒ ለካሁት። ለአንድ ድስት ሽሮ ሲኒ ተኩል። ወደ 1,000 ካሎሪ ይጠጋል፤ ሽሮው ገና ሳይጨመር። ያደግንበት አሠራር ነው፤ ዘይቱ ከላይ ካልተንሳፈፈ ወጡ አልበሰለም ይባላል። አሁን ቁሌቱን የምሠራው እንዲህ ነው። ሽንኩርቱን አድቅቄ ከትፌ ደረቅ ድስት ላይ፣ ያለ ምንም ቅባት፣ መጠነኛ እሳት ላይ አኖረዋለሁ። መጀመሪያ የራሱን ውሃ ያወጣል። ውሃው መጦ ድስቱን ሊይዝ ሲል ጠብ አድርጌለት እፍቃለሁ፤ እንደገና ሊይዝ ሲል እንደገና። መቸኮል የለም፤ ግማሽ ሰዓትም ይፈጃል። ሽንኩርቱ ቀልጦ ቡናማ ሲሆንና ጣፋጭ ሽታ ሲያወጣ በርበሬውን ከትንሽ ውሃ ጋር ጨምሬ አቁላላዋለሁ። ዘይት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ ለሙሉ ድስት ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ መጨረሻ ላይ ኮረሪማ። በፍስክ ቀን በዘይቱ ፈንታ ያው ሁለት ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ ያውም ከእሳት ሊወርድ ሲል፤ ሽታው የሚቀረው ያኔ ሲገባ ነው። ባለቤቴ ልዩነቱን አላወቀም። ልጆቹ አውቀዋል፤ «ወጡ እጅ አያቀባም» አሉ። ጀሪካኑ አሁን ሁለት ወር ሊደፍን ምንም አይቀረው። ዘይት በተወደደበት ጊዜ ይህን ለጎረቤቶቼ ስነግራቸው የሰሙኝ በኪሎው ሳይሆን በብሩ ነው።

ሁለተኛው ነገር ትሪው ነው። አብሮ መብላት መልካም ነው፤ ግን ስንት እንደበላሽ አታውቂም። እንጀራው ይነጠፋል፣ ዳር ዳሩን ጥቅል ይደረደራል፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላ ይዘረጋል፣ ጨዋታው ሲደምቅ እጅ ብቻውን ይሄዳል። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ከሥር የተነጠፈው ነው። የወጡን ቅባት ሁሉ የመጠጠው እሱ፣ ጣፋጩም እሱ፣ ዕቃው እንዲነሳ ተብሎ የሚጠረገውም እሱ። የራሴን ሰሃን ይዤ ለመቀመጥ ሞክሬ ነበር፤ ባለቤቴ «ተጣልተናል እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ደስ አይልም። ስለዚህ ወደ ትሪው ተመለስኩ፣ ነገር ግን አቀራረቡን ለወጥኩ። ጥቅሉ ትሪው ላይ አይደረደርም፤ መሶቡ ውስጥ ይቀመጣል፣ የፈለገ ተነስቶ ያመጣል። በእኔ በኩል ግማሽ እንጀራ ይነጠፋል፣ እሱ ሲያልቅ በቃኝ ነው። ወጡ ደግሞ ሦስት ዓይነት ከሆነ ሁለቱ አትክልት ይሆናሉ፤ ጎመን፣ ፎሶልያ፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን። የጾም በያይነቱ ድሮም እንዲህ ነው የተሠራው፤ ያደረግኩት ፍስኩንም ወደዚያ ማስጠጋት ብቻ ነው።

ስለ ስኳር ብዙ የሚባል የለም። በቀን አምስት ጊዜ ሻይና ቡና፣ በየሲኒው ሦስት ማንኪያ፣ ማንኪያው 4 ግራም፤ 60 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ምክር 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል 25 ላይ እንዲቆም ነው። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ወረድኩ፤ አሁን ቡናዬን ያለ ስኳር፣ ሻዬን በግማሽ ማንኪያ እጠጣለሁ። ለስላሳ አቆምኩ፤ አንዷ ጠርሙስ ብቻዋን ስምንት ማንኪያ ስኳር ታህላለች።

ከምግቡ የከበደኝ ሰው ነው። እኛ ዘንድ መወፈር ምስጋና፣ መክሳት ሐሜት ነው። «አምሮብሻል፣ ተመችቶሻል» የሚሉኝ 84 ኪሎ ሳለሁ ነበር። ዘጠኝ ኪሎ እንደወረድኩ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጥግ ይዛኝ «እህቴ፣ ደኅና ነሽ ግን? ተመርምረሻል?» አለችኝ። እናቴ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ደግሞ በር ላይ ነው የጀመረችው።

«ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያለቅሽው የሚበላ ጠፍቶ ነው?»

«ኧረ ደኅና ነኝ እማዬ፣ ሐኪም አዝዞኝ ነው።»

«ሐኪም ደግሞ ምን ያውቃል! በሞቴ፣ አፈር ስሆን ይቺን ብቻ።»

ይቺ የምትባለው ጉርሻ የጡጫ ያህል ናት፣ «አንድ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። የእናት ጉርሻ አይመለስም፤ አልመለስኩም። ግን ሁለቱን ጉርሻ ከጎረስኩ በኋላ ቡናውን እኔ ነኝ የማፈላው ብዬ ከትሪው እነሳለሁ። ቡና ለማፍላት የተነሳችን ሴት ማንም «ተመለሽና ብዪ» አይላትም። «ዳይት ላይ ነኝ» የሚለው ክርክር ይጠራል፤ «ስኳር ተገኝቶብኛል» ሲባል ግን ሁሉም ዝም ይላል።

በዓል ላይ አልቆጥርም። ፋሲካ ዕለት ተልባ እንጠጣለን፣ ዶሮው ይቀርባል፣ ድፎው ይቆረሳል፣ እበላለሁ። ማግስቱ ሚዛን ላይ ብወጣ ሁለት ኪሎ ጨምሬ እገኛለሁ። ድሮ ይህን ሳይ «አለቀልኝ» ብዬ ሁሉን ነገር እተው ነበር። ሒሳቡ ግን እንደዚያ አይልም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ሁለት ኪሎ ስብ ለመጨመር ከዕለት ፍላጎቴ በላይ 15,000 መብላት አለብኝ፤ ዶሮውን ከነእንቁላሉ ብቻዬን ብጨርሰው አልደርስበትም። የጨመረው ውሃ ነው። ጨው ውሃ ይይዛል፤ ሰውነት ከእህል የሚያገኘውን ስኳር ሲያከማችም ከሦስት እጥፍ ውሃ ጋር ነው የሚያከማቸው። በሳምንቱ ይወርዳል። ስለዚህ የበዓል ሳምንት ሚዛን አልነካም፤ በሌላው ጊዜ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ እመዘናለሁ፣ የማየውም የወሩን አማካይ ነው።

የሚያወፍረው በዓሉ ሳይሆን ትርፉ ነው። የተረፈው ዶሮ ወጥ፣ የደረቀው ድፎ፣ የቅርጫው ሥጋ፤ «እንዳይበላሽ» እየተባለ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይበላል። አሁን ቅርጫው ሲመጣ ዕለቱን በየግማሽ ኪሎ ከፍዬ ፍሪዘር አስገባለሁ፣ የተወሰነው ቋንጣ ይሆናል፣ ድፎው ለጎረቤት ይታደላል።

ስለ እንቅስቃሴ የምለው አጭር ነው። ታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ፤ በወሩ መጨረሻ እሑድ፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ መንገዱ ለመኪና በሚዘጋበት «መንገድ ለሰው» ልጆቹን ይዤ እወጣለሁ። መራመድ ብቻውን ብዙ ኪሎ አላወረደልኝም፤ ስኳሬን ግን የረዳው ይመስለኛል፣ በተለይ ከእራት በኋላ የሚደረገው። የመጨረሻው ምርመራዬ 96 ነው። ቀድሞ መድኃኒት የጀመረ የስኳር ሕመምተኛ ግን ጾሙንም አመጋገቡንም ከመቀየሩ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሳይበሉ መዋል ከመድኃኒቱ ጋር ተደምሮ ስኳሩን ከሚገባው በታች ሊጥለው ይችላል።

71 ላይ ከቆምኩ ቆይቻለሁ። የቀለለ ሰውነት የሚያቃጥለውም ያንሳልና ከዚህ በታች ልውረድ ካልኩ ከግማሽ እንጀራውም መቀነስ ሊኖርብኝ ነው፤ እሱን አልፈልግም። ያልፈታሁት ጥር ወር ነው። በየሳምንቱ ሠርግ፣ በየሠርጉ ክትፎ፣ ቡና ለማፍላት እንኳ ሰበብ የለም። ለጊዜው ያገኘሁት ዘዴ ከሠርግ በፊት ቤቴ አንድ ሰሃን ጎመን በልቼ መሄድና ከምግቡ ጠረጴዛ ራቅ ብዬ መቀመጥ ነው። ክትፎው ግን ተዙሮም ይመጣል።