መኪናው ምን ፈልጎ ነው በዚህ የሚሄደው? ጫካ በለበሱ ተራሮች ጭር ያለ የብስክሌት መንገድ ፍለጋ

ዕቃ ጭናችሁ ጫካማ ተራሮች ውስጥ በብስክሌት ለምትጓዙ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ። ፍጥነቴ አልጨመረም። ጉልበቴም ያው ነው። የተሻሻልኩት አንድ ነገር ላይ ነው፤ መኪና የማይበዛበትን መንገድ ገና ሳልነሳ ካርታ ላይ መለየት።

ካርታ ላይ «የብስክሌት መንገድ» ተብሎ የተሰመረ መስመር ብቻውን ብዙም አያሳምነኝም። አንዳንዱ በዋና መንገድ ዳር የተቀባ ቀለም ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። መኪናው ምን ፈልጎ ነው በዚህ የሚሄደው? መንገዱ ሁለት ትልልቅ ከተሞችን ያገናኛል? ወደ ግድብ፣ ወደ ድንጋይ ማውጫ ወይም ወደ ታወቀ መዝናኛ ያደርሳል? ካሉት ሁሉ አጭሩ እሱ ነው? ለሁሉም መልሱ «አይ» ከሆነ፣ አስፋልቱ የቱንም ያህል ቢያምር ጭር ያለ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ መጀመሪያ የምፈልገው ዋሻ ነው። ተራራው ተበስቶ አዲስ መንገድ ሲያልፍ፣ አሮጌው አናት ላይ ይቀራል። ስዊዘርላንድ ውስጥ ጎታርድ ላይ ወደ 17 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የመኪና ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲከፈት፣ የቸኮለው ሁሉ በመሬት ውስጥ መሄድ ጀመረ። በድንጋይ የተነጠፈው የድሮው የትሬሞላ መንገድ ከነኩርባዎቹ ዛሬ ብስክሌተኛ ከሩቅ ተመኝቶት የሚመጣበት ነው። እዚያ አናቱ ገላጣ ነው፤ ዘዴው ግን ጫካ ውስጥም ይሠራል። ካርታ ላይ የዋሻ ምልክት ካያችሁ ከበላዩ የሚጠማዘዘውን ቀጭን መስመር ፈልጉ።

ሁለተኛው የተተወ የባቡር መስመር ነው። ባቡር ዳገት አይችልም፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ተራራውን ዙረው፣ ሸለቆውን ሞልተው፣ ሲያቅታቸው በስተው ነው ያለፉት። አሜሪካ ውስጥ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የሚባለው መንገድ እንዲህ ካሉ አሮጌ ሐዲዶች የተሠራ ነው። ርዝመቱ 240 ኪሎ ሜትር ነው። የአፓላችያን ተራሮችን ያቋርጣል፤ ከባዱ ዳገቱ ግን 2 ከመቶ ገደማ ነው፤ በ100 ሜትር ርቀት 2 ሜትር መውጣት ማለት ነው። መኪና የለም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ መንገዱ ላይ ያለው ቢግ ሳቬጅ የተባለው ዋሻ በብርዱ ወራት ይዘጋል። ከመነሳት በፊት እንዲህ ያለውን ማጣራት ግድ ነው፤ ተራራ ላይ «በሌላ በኩል እዞራለሁ» ማለት ግማሽ ቀን ይበላል።

ጭርታ ደግሞ ሰዓት አለው። እዚያው አሜሪካ ያለው ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ 755 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ የጭነት መኪና የተከለከለበት፣ ፍጥነቱ በሕግ የተገደበ የጫካ መንገድ ነው። ወረቀት ላይ ሲታይ እንከን የለውም። በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ ግን አገሩ ሁሉ ሊያይ ይወጣል፤ ያኔ ከመኪና ጀርባ መሰለፍ ነው። የማክሰኞ ጠዋትና የእሁድ ከሰዓት አንድ መንገድ አይደሉም። ስለዚህ ታዋቂውን መንገድ በሥራ ቀን፣ ማንም የማያውቀውን በቅዳሜና እሁድ አደርገዋለሁ።

አሁን ወደ ግንድ ማመላለሻ መንገዶች። እነዚህን በጣም ነው የምወዳቸው። የተሠሩት ግንድ ለጫነ ከባድ መኪና ስለሆነ ዳገታቸው ብዙ ጊዜ ልክ አለው። ግን ዓላማቸው ዛፉ ጋ መድረስ ነው፤ ተራራውን ማዶ መሻገር አይደለም። ስለዚህ እንደ ጣት ይበታተኑና ጫካ መሐል ቀጥ ይላሉ። ሳተላይት ፎቶ ላይ የመንገዱ ጫፍ ሰፋ ያለ ገላጣ ቦታ ከሆነ ግንድ የሚከመርበት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መንገድ አትጠብቁ። ኦፕን ስትሪት ማፕ በተባለው፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው በሚሠሩት ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ላይ ደግሞ እንዲህ ያሉ መንገዶች ከ1 እስከ 5 ደረጃ አላቸው። 1 ጠንካራ ነው፤ 5 ሣርና አፈር ነው። ጭነት ይዤ ከ3 በላይ አልገባም። ዝናብ ከጣለ 3ም ያጠራጥረኛል። መሐል ሳምንት ከሆነም ግንድ የጫነው መኪና ሊመጣ ስለሚችል ኩርባ ላይ ጠርዝ ይዛችሁ ሂዱ።

ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ ግን ዳገቱን አስቀድሞ ማወቅ ነው። የጉዞ ማቀጃ ገጾች «ይህን ያህል ሜትር ትወጣላችሁ» ይላሉ። ጫካ ውስጥ ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ይዋሻል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በብዙ ቦታ የሚጠቀሙበት የከፍታ መረጃ ኢንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ምድርን በራዳር ስትቃኝ የተሰበሰበው ነው። ያ ራዳር ጥቅጥቅ ያለ ጫካን አልፎ አፈሩ ድረስ በደንብ አይደርስም፤ የዛፉንም ቁመት ይደምራል። በዚያ ላይ አንዱ ነጥብ ከሌላው ወደ 30 ሜትር ይርቃል። የተራራው ጎን 30 ዲግሪ ቢያዘነብልና የመንገዱ መስመር ካርታ ላይ 15 ሜትር ቢዛባ፣ ከፍታው ወደ 9 ሜትር ይሳሳታል። ይህ በየኩርባው ሲደጋገም ለጥ ያለው መንገድ ካርታው ላይ መጋዝ ይመስላል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ካርታ ላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙትን የከፍታ መስመሮች በእጅ መቁጠር። አንዱ መስመር ከሌላው በከፍታ 20 ሜትር የሚለይ ከሆነና አንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ አምስት ክፍተት ካቋረጣችሁ 100 ሜትር ወጣችሁ፤ 10 ከመቶ ነው። ዛሬ ረጅም ዳገት ካለ ሌላውን ትቼ እሱን እቆጥራለሁ።

10 ከመቶ ምን ማለት እንደሆነም ሒሳቡ ይናገራል። እናንተ፣ ብስክሌቱና ጭነቱ 100 ኪሎ ናችሁ እንበል። የብስክሌቱ የፊትና የኋላ ማርሽ ጥርስ ቁጥር እኩል ከሆነ፣ አንድ ዙር ፔዳል 2.1 ሜትር ገደማ ያስኬዳል። በደቂቃ 60 ዙር ስትመቱ በሰዓት 7.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዳገቱ ብቻ ወደ 206 ዋት ትከፍላላችሁ። ብዙዎቻችን ይህን ለሰዓታት አንችልም። ፊት 26፣ ኋላ 36 ጥርስ ብታደርጉ ግን ያንኑ 60 ዙር እየመታችሁ ወደ 150 ዋት ይወርዳል። ፍጥነቱ 5.5 ይሆናል፤ ይሁን! ጭር ያለ መንገድ ዳገቱ የሚበረታበት ጊዜ ብዙ ነው። ከቀላል ብስክሌት ይልቅ ቀላል ማርሽ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ብዙ አልልም። ፍሬን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ወይም ዲስኩን ያግለዋል፤ ከኩርባው በፊት ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ ይሻላል። ጥላ ያለበት ኩርባ ላይ እርጥብ ቅጠል ይተኛል፤ ሌላው አስፋልት ደርቆ እሱ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። በየ1000 ሜትር ከፍታው ሙቀቱ 6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚለያይም፣ ላብ በላብ ሆኖ አናት የደረሰ ሰው ጃኬቱን ከመውረዱ በፊት ይልበስ።

እስካሁን ያልተፈታልኝ አሮጌ የጫካ መንገድ ላይ ያለ ድልድይ ነው። ካርታው አለ ይላል፤ ፎቶው ላይ ዛፍ ሸፍኖታል። ቅጠሉ በሚረግፍ ጫካ ላይ በብርዱ ወራት የተነሳ ፎቶ እየፈለግኩ አያለሁ፤ ደህና ይሠራል። ጥድ ጫካ ላይ ግን ይህ ዋጋ የለውም። የተሻለ መላ ያላችሁ ጻፉልኝ።